«ነጭ ደም አነሰ» ስለተባሉ እኅትና ወንድም

የቀረበው ጥያቄ፦ «በፍኖተ ሰላም ከተማ የምኖር የ31 ዓመት መምህርት ነኝ። በራስ ምታት ምክንያት የደም ምርመራ ተደርጎልኝ ነጭ ደሜ 3,300 መሆኑ ተነገረኝ፤ ውጤቱ ላይ ‹ዝቅተኛ› የሚል ምልክት ነበረበት። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል ተብሎ የ10 ቀን አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፤ ጨርሼ ስመረመር 3,400 ሆነ። ራስ ምታቱ ከሄደ ቆይቷል፤ አሁን ምንም አያመኝም። ጎረቤቶቼ ጥሬ ጉበትና ቀይ ሥር ብዪ ይሉኛል፤ አክስቴ ደግሞ ኤችአይቪ እንዳይሆን ብላ ትሰጋለች። ነጭ ደም ካነሰ ሰውነቴ በሽታን በምን ይከላከላል? በምግብ ከፍ ማድረግስ ይቻላል? ነገሩ የዘር ሳይሆን አይቀርም፤ የ22 ዓመቱ ወንድሜም ኅዳር ላይ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ እየተመላለሰ ሲያተኩሰው ቆይቶ ሲመረመር 1,900 ተብሏል፤ ደም ማነስም አለበት። የታይፎይድና የወባ መድኃኒት ወስዷል፤ ግን ከስቷል፣ ግራ ጎኔን ይከብደኛል ይላል።»

በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ ለንጽጽር ያህል የጠቀሱት የወንድምዎ ጉዳይ ከእርስዎ ጉዳይ ቀድሞ መታየት ያለበት ነው። የእርስዎ 3,300 እና የእርሱ 1,900 በአንድ ስም ስለተጠሩ የአንድ ቤተሰብ ጠባይ መሰሉ እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። የእርስዎ ምንም ሕመም በሌለው ሰው ላይ የተገኘ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው፤ የእርሱ ግን በረሃ ወርዶ የተመለሰ፣ ለሳምንታት ያተኮሰው፣ የከሳና ግራ ጎኑ የከበደው ወጣት ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ተመርምሮ ነጻ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ካላአዛር፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ገዳይ የቆላ በሽታ፣ እንደያዘው ተቆጥሮ መታየት አለበት። ስለዚህ የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ነገ ከማን ጋር ወደ ሆስፒታል እንደሚሄድ ይወስኑ። ምክንያቱን የሚረዱት ነጭ የደም ሕዋሳት ምን እንደሚሠሩ ካወቁ በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ ወደዚያ ልግባ።

«ነጭ ደም» የሚባል፣ ከቀዩ የተለየ ሌላ ደም በሰውነታችን ውስጥ የለም። የተቀዳ ደም በብልቃጥ ውስጥ ሆኖ በማሽን ተሽከርክሮ ሲጠል ከታች ቀዩ ይዘቅጣል፣ ከላይ ቢጫው ፈሳሽ ይንሳፈፋል፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ነጣ ያለ ሽፋን ይታያል። ነጭ የደም ሕዋሳት የሚገኙት በዚያ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው፤ ስማቸውንም ያገኙት ከዚያ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም፣ ማለትም ከጥቂት የጤፍ ቅንጣቶች በማይበልጥ ጠብታ ውስጥ፣ ቀያዮቹ ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ሲሆኑ ነጮቹ በመማሪያ መጻሕፍት እንደተለመደው ከ4,000 እስከ 11,000 ብቻ ናቸው። በተለምዶ «ደም ማነስ» የምንለው የቀያዮቹን፣ በተለይም በውስጣቸው ያለውን የሄሞግሎቢን ማነስ ነው፤ ድካም፣ የልብ ምት መፍጠንና የዓይን ውስጠኛ ሽፋን መንጣት የሚያመጣው እርሱ ነው። ለእርስዎ የተነገረዎት ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ቀይ ሥርም ሆነ ተልባ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር አይደለም።

እነዚህ ሕዋሳት ሰውነትን እንዴት እንደሚከላከሉ ለማየት፣ ማሳ ውስጥ በባዶ እግሩ ሲሄድ እሾህ የወጋውን ገበሬ ማሰብ ይበቃል። እሾሁ ቆዳን በስቶ ሲገባ ከአፈሩ ጋር ባክቴሪያ ይዞ ይገባል። በቆዳው ሥር አስቀድመው የሚኖሩት ማክሮፌጅ የተባሉ ትላልቅ በላተኛ ሕዋሳት ወራሪውን እንዳወቁ ኬሚካላዊ መልእክት ይለቅቃሉ፤ በዚህም በአካባቢው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ይላላል። እግሩ የሚቀላው፣ የሚሞቀውና የሚያብጠው ለዚህ ነው። በደም ውስጥ እየተጓዙ የነበሩት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ ሕዋሳት መልእክቱ የወጣበት ቦታ ሲደርሱ በሥሩ ግድግዳ ላይ እየተንከባለሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ከዚያም ራሳቸውን አቅጥነው በግድግዳው ቀዳዳ ሾልከው ወደ ሥጋው ይገባሉ። ባክቴሪያውን ሲያገኙት ከብበው ይውጡትና በውስጣቸው ኦክስጅንን በመጠቀም መርዛማ ኬሚካሎች ያመነጩበታል፤ ከእነዚህ አንዱ በቤታችን የምናውቀው የበረኪና ዋና ኃይል ራሱ ነው። ኒውትሮፊሉ ይህን ሠርቶ በዚያው ይሞታል። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ከቁስሉ የሚወጣው መግል በአብዛኛው የእነዚህ ሕዋሳት ሬሳ ነው። ይህ የመብላት ሥራ የሰውነት መከላከያ መሆኑን ያስተዋለው ሳይንቲስት ኤሊ ሜችኒኮፍም ያወቀው በእሾህ ነው፤ በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ብርሃን አሳላፊ የሆነ የባሕር ኮከብ እጭ በእሾህ ወግቶ አደረና በማግሥቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አየ።

የላቦራቶሪው ቁጥር ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚያሳየው ጥቂቱን ነው። መቅኔ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን የሚደርሱ ኒውትሮፊሎችን ያመርታል፤ እያንዳንዱ ግን በደም ውስጥ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። በደም ሥር ውስጥ ካሉት ኒውትሮፊሎች ግማሽ ያህሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ስለሚቆዩ ከክንድ በተቀዳ ደም አይቆጠሩም፤ በመቅኔ ውስጥ ተዘጋጅተው ጥሪ የሚጠብቁት ደግሞ በደም ውስጥ ካሉት ብዙ እጥፍ ናቸው። በገበያ ቀን ከከተማው መግቢያ ላይ ቆሞ አላፊውን የቆጠረ ሰው ገበያው ውስጥ ያለውንም፣ ገና ከቤቱ ያልወጣውንም አልቆጠረም። የእርስዎ 3,300ም መንገደኛውን ብቻ የቆጠረ ነው። ኢንፌክሽን ሲገጥምዎ መቅኔዎ ያከማቸውን በሰዓታት ውስጥ ሊልክ መቻሉን ቁጥሩ አይናገርም።

ከኒውትሮፊሎች ቀጥሎ በብዛት የሚገኙት ሊምፎሳይቶች ሥራቸው ሌላ ነው። እነርሱ ያገኙትን ሁሉ አይበሉም፤ እያንዳንዳቸው አንድን የተለየ ወራሪ ብቻ የሚያውቁ ሲሆኑ፣ ያ ወራሪ ሲመጣ ይራባሉ። አንዳንዶቹ አንቲቦዲ የተባሉ፣ ወራሪውን የሚይዙ ፕሮቲኖችን ያመርታሉ፣ ሌሎቹ በቫይረስ የተያዘውን የራሳችንን ሕዋስ ይገድላሉ፣ ሲዲ4 የተባሉት ደግሞ ሌሎቹን ያስተባብራሉ። የመጀመሪያው ዝግጅት ቀናት ይወስድባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ትዝታው ለዓመታት ይቀመጣል። ኩፍኝ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ዳግመኛ የማይያዘው፣ ክትባትም የሚሠራው በዚህ ትዝታ ነው። ኤችአይቪ የሚያጠቃው ሲዲ4ቶቹን ስለሆነ ጠቅላላው የነጭ ሕዋሳት ቁጥር ለዓመታት ምንም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ የአክስትዎ ስጋት ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ከቁጥሩ ተነሥቶ ኤችአይቪ አለ ማለትም የለም ማለትም አይቻልም። መልሱን የሚሰጠው በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚደረገው የኤችአይቪ ምርመራ ብቻ ነው፤ ይመርመሩና ጥርጣሬውን ይዝጉት።

አሁን ወደ ወረቀትዎ እንመለስ። ከላኩት ዝርዝር ውስጥ ኒውትሮፊል 38 በመቶ፣ ሊምፎሳይት 52 በመቶ ተብሎ ሊምፎሳይቱ ላይ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። በመቶኛ የተሰጠ ውጤት ብዙ ሰው የሚያሳስትበት ቦታ ይህ ነው። 38 በመቶውን በ3,300 ሲያባዙት ኒውትሮፊልዎ ወደ 1,250 ይሆናል፤ 52 በመቶው ደግሞ ወደ 1,700 ሊምፎሳይት ነው፤ ይህም ለአዋቂ ሰው ፍጹም ጤናማ ነው። ሊምፎሳይትዎ አልበዛም፤ ኒውትሮፊልዎ አነስ ስላለ ድርሻው የበዛ መሰለ እንጂ። ቀይ ሕዋስዎና ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትዎም ደህና ናቸው፤ በወረቀቱ ላይ ካለው ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያረጋጋኝ ይህ ነው።

ኒውትሮፊል ከ1,500 በታች ሲሆን በመጽሐፉ ደንብ «ዝቅተኛ» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ለኢንፌክሽን የሚያጋልጠው አደጋ የሚጀምረው ከ1,000 ሲወርድ ነው። እጅግ አስፈሪ የሚሆነው ከ500 በታች ሲሆን ነው፤ ያኔ በሰውየው በራሱ አፍና አንጀት ውስጥ በሰላም ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ሳይቀሩ ሊገድሉት ይችላሉ። በተጨማሪም በመማሪያ መጻሕፍት የምናየው የ4,000 ድንበር የተሠመረው በዋናነት የአውሮፓና የአሜሪካ ነዋሪዎችን ደም በመቁጠር ነው። በብዙ አፍሪካውያን፣ በእኛም አገር በብዙ ሰዎች ዘንድ፣ ነጭ ሕዋስም ኒውትሮፊልም ከመጻሕፍቱ ድንበር ዝቅ ብሎ በሙሉ ጤንነት ይኖራል፤ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይኸው ታይቷል። አንዱ የታወቀ ምክንያት ዳፊ የተባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ አለመኖሩ ነው፤ ይህ በዘር የሚወረስ ባሕርይ የወባ ዓይነት የሆነው ቫይቫክስ ወደ ቀይ ሕዋስ በቀላሉ እንዳይገባ ያደርግ ስለነበር በአፍሪካ የተስፋፋ ነው ተብሎ ይታመናል። እንዲህ ያለው ሰው ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ከሌላው ይልቅ በኢንፌክሽን አይጠቃም። እርስዎ «የዘር ሳይሆን አይቀርም» ማለትዎ ለራስዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አደጋው ያንኑ ለወንድምዎ መዋስዎ ነው።

የወሰዱት አንቲባዮቲክ ለነጭ ሕዋስ ማነስ መድኃኒት አይደለም። ከ3,300 ወደ 3,400 መሆኑም መሻሻል ሳይሆን የዕለት ልዩነት ነው፤ ምግብ፣ እንቅስቃሴና የቀኑ ሰዓት እንኳ ከዚያ የበለጠ ያለዋውጡታል። እንዲያውም አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ክሎራምፌኒኮልና ኮትሪሞክሳዞል፣ ራሳቸው ነጭ ሕዋሳትን ሊያወርዱ ይችላሉ። በተለይ እንቅርት ኖሮባቸው የሆርሞኑን መብዛት ለማስታገሥ ፕሮፒልታዮዩራሲል የሚወስዱ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፦ ብርቱ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ከመጣ ጉንፋን ነው ብሎ መቆየት አይገባም፤ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ደም መቆጠር ያስፈልጋል።

ምግብን በተመለከተ፣ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት ነጭ ሕዋሳትን ሊያወርድ እንደሚችል እውነት ነው። ይሁን እንጂ እጥረቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ሕዋሳትንም ያውካል፤ የእርስዎ ቀይ ሕዋስ ደህና ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በገበታዎ ላይ ካሉ፣ በፍስክም ወተትና እንቁላል የሚያገኙ ከሆነ ጾምዎን ለዚህ ብለው የሚያቋርጡበት ምክንያት አላይም። ጥሬ ጉበቱን ግን በግልጽ እከለክላለሁ፤ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ትርፍ ኮሶና ሌላ የአንጀት በሽታ ነው።

ነጭ ሕዋስ ሲበዛ ጤና ይበዛል የሚለውም አስተሳሰብ መታረም አለበት። በምሥራቅ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ኖረው እግራቸው ያበጠባቸውን ሰዎች ሳያዩ አልቀሩም። ያ እብጠት በትል ወይም በባክቴሪያ የመጣ አይደለም። ከአፈሩ የሚገቡ ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶችን በላተኛ ሕዋሳት ውጠው መፍጨት ሲያቅታቸው፣ ለዓመታት የሚያነድዱት ብግነት የሊምፍ ቱቦዎችን፣ ማለትም ከሥጋ ውስጥ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ እየደፈነ የሚያመጣው ነው። ጠባቂ ሕዋስ ያለ ልክ ሲቆጣ የሚጠብቀውን አካል ያቃጥላል። ስለዚህ የእርስዎን ቁጥር «ከፍ ማድረግ» የምንመኘው ነገር አይደለም።

ለእርስዎ የምመክረው ይህን ነው። ምንም መድኃኒት ሳይወስዱ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ከቆዩ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ይመርመሩ፤ ሲመረመሩም ማሽኑ ካወጣው ቁጥር በተጨማሪ የደም ቅብዎን በማይክሮስኮፕ ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ። ኒውትሮፊልዎ ከ1,000 በላይ ከሆነ፣ ሌሎቹ ሕዋሳት ደህና ከሆኑና እርስዎም ጤነኛ ከሆኑ ጉዳዩን ይተዉት። ወረቀቱን ግን አይጣሉት፤ «የተለመደ ቁጥሬ 3,300 ነው» ብለው ለሚያክምዎ ሁሉ ያሳዩ። ይህ ከንቱ ድንጋጤን ብቻ አይደለም የሚያስቀረው። አንድ ቀን አሞዎት ሲመረመሩ 9,000 ቢገኝ ማሽኑ ምልክት ሳያደርግበት ያልፋል፤ ለእርስዎ ግን ከልማድዎ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጭማሪ ስለሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ፣ አፍዎ ደጋግሞ ከቆሰለ፣ ንፍፊት ከወጣብዎ ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይሂዱ።

ወደ ወንድምዎ ስመለስ፣ ካላአዛር ከላይ የገለጽሁትን ሥርዓት ገልብጦ የሚሠራ በሽታ ነው። ጥገኛ ተሕዋሲው ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ ይባላል፤ የሚያስተላልፈው ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ስትበርር ድምፅ የማታሰማ የአሸዋ ዝንብ ናት። በመተማና በሁመራ ቆላ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ የምትነድፈውም ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ ሰሊጥ ሲያጭድ ውሎ ሜዳ ላይ የሚተኛ ሠራተኛ ዋና ሲሳይዋ ነው። ተሕዋሲው ወደ ሰውነት ሲገባ ማክሮፌጁ እንደ ደንቡ ይውጠዋል። ይህ ተሕዋሲ ግን ሊገድሉት በገባበት ሕዋስ ውስጥ ይኖራል፣ እዚያው ይራባል፣ ሕዋሱን አፈንድቶ ወደ ሌላው ያልፋል። ከታማሚ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዱ ማክሮፌጅ በደርዘን በሚቆጠሩ ክብ ነጠብጣቦች ተሞልቶ ይገኛል። ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ የእነዚህ ሕዋሳት ማደሪያ ስለሆኑ ጣፊያው ያብጣል፤ ግራ ጎኑን ይከብደኛል ያለው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ያበጠው ጣፊያ የደም ሕዋሳትን ይዞ ያስቀራል፣ ያጠፋልም፤ መቅኔውም ይዳከማል። ስለዚህ ነጩም፣ ቀዩም፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም አብረው ይወርዳሉ። የእርሱ 1,900 ከደም ማነስ ጋር አብሮ መምጣቱ የእርስዎ ብቻውን ከመምጣቱ የሚለይበት ዋናው ነጥብ ይህ ነው። በሽታው ከተነደፉ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ስለሚጀምር በኅዳር ተመልሶ በጥር ማተኮሱ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የታይፎይድ ሕክምና መውሰዱ አያዘናጋዎ። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ባለፈ ጊዜ በተፈጠረ አንቲቦዲ ምክንያት ያለ ታይፎይድ «አለ» ሊል ይችላል፤ ከቆላ ተመልሰው ለሳምንታት በታይፎይድ መድኃኒት ሲመላለሱ ቆይተው፣ ጣፊያቸው እምብርታቸው ደርሶ ወደ እኛ የመጡ ወጣቶችን አይቻለሁ። ያልታከመ ካላአዛር ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል፤ ሞቱም የሚመጣው በደም መፍሰስ ወይም ጠባቂ ያጣው ሰውነት በሳንባ ምችና በመሰል ኢንፌክሽን ሲወድቅ ነው። በጊዜ የታከመ ግን በአብዛኛው ይድናል። በአገራችን የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት የሚሰጡ ሁለት ዓይነት መርፌዎች ሲሆን፣ ታማሚው ኤችአይቪ ካለበት የመድኃኒቱ ምርጫ ስለሚለወጥ ያም አስቀድሞ መመርመር አለበት።

ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ አርኬ-39 ይባላል፤ በስሙ ይጠይቁ። በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ካልተገኘ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም የካላአዛር ሕክምና ማዕከል ወዳለበት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለት። ምርመራው ፍጹም አይደለም፤ በተለይ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ «የለም» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ጣፊያው አብጦ ውጤቱ ነጻ ከሆነ ከመቅኔ ወይም ከጣፊያ ናሙና እንዲወሰድለት ይጠይቁ እንጂ ይዘውት አይመለሱ። ወባም በደም ቅብ በድጋሚ ይታይለት፤ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

እስከዚያው ግራ ጎኑን ወጌሻ እንዳያሽለት፣ ዋግምትም እንዳይደረግለት፤ ያበጠ ጣፊያ ሲታሽ ሊቀደድ ይችላል፣ ፕሌትሌቱ የወረደ ሰውም ደሙ አይቆምም። በዚሁ ምክንያት ለትኩሳቱ አስፕሪንም ሆነ ዳይክሎፌናክ አይስጡት፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። ጠበል መጠመቅ ከፈለገ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሁን፤ መርፌውን አቋርጦ ወይም ምርመራውን አዘግይቶ ግን አይሂድ። አፍንጫው ቢደማ፣ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ወይም ትንፋሹ ቢያጥር ሪፈር ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብም «ታይፎይድ ነበረበት» ብለው አይጀምሩ፤ የመጀመሪያው ቃልዎ «መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ነበር» የሚል ይሁን።